«ጨጓራዬ ነው» ከማለታችን በፊት
ከደረት በታች በድንገት ስለሚነሣ ሕመም



በእኛ በኢትዮጵያውያን አነጋገር ከደረት በታችና ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ አንድ ስም አለው፤ እርሱም «ጨጓራ» ነው። ቢያቃጥልም ጨጓራ ነው፣ ቢቆርጥም ጨጓራ ነው፣ ቢነፋም ጨጓራ ነው። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ፌጦ በሎሚ መጠጣት፣ ቃሪያና በርበሬ መተው፣ ሲብስ ደግሞ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል መግዛት። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ በእርግጥም የጨጓራ ስለሆነ ይሻለናል። ነገር ግን አልፎ አልፎ አንድ ሰው ላይ ሕመሙ ከሌላ ቦታ የመጣ ይሆናል። ያን ጊዜ ፌጦ ስንወቅጥ የሚያልፈው ሰዓት የዚያን ሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለነዚህ ብዙ ጊዜ ስለማያጋጥሙ መንስኤዎች ማስረዳትና፣ ሐኪሙ በሽታውን ቶሎ እንዲያገኘው እኛ ምን መናገር እንዳለብን ማሳየት ነው። እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ጉዳዩን ጠይቄ እንድማር ያደረገኝ በካርቱም ከተማ፣ ሪያድ ሠፈር ስኖር የገጠመኝ ነገር ነው።

በሪያድ የሆነው

ሪያድ በካርቱም ምሥራቅ በኩል የሚገኝ፣ ፎቅ ቤቶችና ቢሮዎች የበዙበት ሠፈር ነው። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ብዙ ወገኖቻችን እዚያ በቤት ሠራተኝነት፣ በዘበኝነትና በምግብ ቤት ሥራ ይተዳደሩ ነበር። እኔ ዐረብኛ እሞክር ስለነበር ሰው ሲታመም ለማስተርጐም እጠራለሁ።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. አንድ ምሽት የጠራኝ በአንድ ፎቅ ቤት በዘበኝነት፣ ሱዳኖቹ «ገፊር» በሚሉት ሥራ የተቀጠረ ጎረቤቴ ነበር። ዕድሜው ሃያ ሁለት ቢሆን ነው። ከገዳሪፍ የሰሊጥ አጨዳ ከተመለሰ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ስደርስ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ በላብ ተጠምቆ አገኘሁት።

«መምህር፣ ጨጓራዬ ነው፤ ገደለኝ» አለኝ።

በረክሻ ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ሚዕዳ» አልኩት፤ ጨጓራ ማለት ነው። ለቃል ቃል ትክክል ተርጉሜአለሁ። ሐኪሙም ለጨጓራ የሚሰጠውን መርፌ አዘዘለትና ተቀምጦ እንዲጠብቅ ነገረን። ተቀምጠን ሳለ ልጁ «ግራ ትከሻዬንም ይወጋኛል» አለኝ። እኔ ግን በገዳሪፍ ጆንያ ሲሸከም የደረሰበት ድካም መስሎኝ ለማንም አልነገርኩም። በዚያ ወር በገዳሪፍ ወባ ይዞት እንደነበረና መድኃኒቱን እንዳልጨረሰም አውቅ ነበር፤ እርሱንም አልተናገርኩም። ስለ ጨጓራ ስናወራ ወባ ምን አገባው ብዬ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ የደም ግፊቱን እንደገና ለካች። ግፊቱ ወርዶ፣ የልብ ምቱ ፈጥኖ ነበር። ልትደግፈው ብታስነሣው ራሱን ስቶ ወደቀ። «ያ ኡስታዝ፣ ከሆዱ ሌላ የሚያመው ቦታ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ትከሻውን ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። ወዲያውኑ አልትራሳውንድ ተደረገለትና በሆዱ ውስጥ ደም ታየ። የተቀደደው ጣፊያው ነበር። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ እኔና ሁለት የሠፈራችን ወጣቶች ደም ሰጠን፤ ልጁም ተረፈ።

ሐኪሙን አልወቅስም። እርሱ የሰማው እኔ ያልኩትን ነው። እኔ ግን ያቀበልኩት ሕመሙን ሳይሆን ስሙን ነበር።

በላይኛው ሆድ ምን ምን አለ?

በግ ያረደ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እናስታውስ። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ጉበትና የሐሞት ከረጢት አሉ። በመካከል ጨጓራ፣ ከጨጓራው ኋላ ደግሞ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ቆሽት ይገኛል። በግራ በኩል ጥቁር ቀይ የሆነችው ጣፊያ አለች። ከእነዚህ በላይ ሆድንና ደረትን የሚለይ ስስ ሥጋ ተዘርግቷል፤ ድያፍራም ይባላል። ከድያፍራሙ በላይ ልብና ሳንባ ናቸው። እንግዲህ «ልቤ ሥር ያመኛል» የሚል ሰው ከእነዚህ ከየትኛውም ሊሆን ይችላል።

በሽታው በሆድ ሆኖ ትከሻን ለምን ያማል? ድያፍራምን የሚያገለግለው ነርቭ የሚነሣው ከአንገት ነው፤ የትከሻ ቆዳ ነርቭም የሚነሣው ከዚያው አካባቢ ነው። ደም ወይም መግል ከድያፍራሙ ሥር ሲጠራቀም ነርቡ ይቆጣል፤ አንጐል ግን መልእክቱ ከሆድ ይምጣ ከትከሻ መለየት ያቅተዋል። አንድ መስመር የሚጋሩ ሁለት የስልክ ቤቶች እንደማለት ነው። ከጣፊያ መቀደድ የተነሣ የሚመጣውን የግራ ትከሻ ሕመም ሐኪሞች በጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም በሐንስ ኬር ስም ይጠሩታል። በቀኝ በኩል ያለ የጉበትና የሐሞት ከረጢት ሕመም ደግሞ ወደ ቀኝ ትከሻ ሊሄድ ይችላል።

የድንገተኛ ክፍል ሥራ እንዴት ነው?

ብዙዎቻችን ሐኪሙ በመጀመሪያ «በሽታው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስለናል። በድንገተኛ ክፍል ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ሰው አሁኑኑ አደጋ ላይ ነውን?» የሚል ነው። ስለሆነም አስቀድሞ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ አተነፋፈስና ትኩሳት ይለካሉ። ቀጥሎ ጥያቄና በእጅ መዳሰስ ይመጣል። ምርመራ የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ በሐሳቡ የሚይዘው ዝርዝር ብዙ ጊዜ በሚያጋጥመው በሽታ ብቻ አይጀምርም፤ ቶሎ የሚገድለውን አስቀድሞ ማስወገድ አለበት።

በዚህ ምክንያት ሕመምተኛውን የሚያስገርሙ ምርመራዎች ይታዘዛሉ። «ሆዴን እያመመኝ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጠፉብኝ» ብሎ የተቆጣ ሰው አጋጥሞኛል። «ያላገባች ልጅ እንዴት የእርግዝና ምርመራ ይደረግላታል?» ብለው የተቀየሙ እናትም አሉ። ለእነዚህ ምርመራዎች ሁሉ ምክንያት አላቸው፤ ከዚህ በታች እናየዋለን።

ከጨጓራ የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞች

የጨጓራ መበሳት። ይህ ራሱ ከጨጓራ የሚመጣ ቢሆንም ከተለመደው ማቃጠል ይለያል። የቆየ ቁስል ግድግዳውን ሲበሳው አሲዱ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። ሕመሙ በቢላዋ እንደ መወጋት በአንዲት ቅጽበት ይጀምራል፤ ሆድ እንደ ጣውላ ይደርቃል፤ ሕመምተኛው መንቀሳቀስ ይፈራል። ሐኪሙ ቀና አድርጎ ራጅ ያነሣዋል፤ ከድያፍራም ሥር አየር ከታየ ቁስሉ መበሳቱን ያረጋግጣል። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን አዘውትሮ መውሰድ ለዚህ ያጋልጣል።

የጣፊያ መቀደድ። ወባና ካላዛር ጣፊያን ያሳብጣሉ። በመተማ፣ በሑመራና በገዳሪፍ የእርሻ ሥራ የቆዩ ሰዎች ሁለቱም ሊያጋጥሟቸው ይችላሉ። ጤናማ ጣፊያ ከጎድን አጥንት ሥር ተሸሽጋ በእጅ አትዳሰስም፤ በካላዛር ያበጠች ጣፊያ ግን እስከ እምብርት ልትወርድ ትችላለች። እንዲህ ያለችው ጣፊያ በትንሽ ግጭት፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት ትቀደዳለች። ምልክቱ የግራ ጎን ሕመም፣ የግራ ትከሻ ሕመም፣ ሲነሡ ራስ ማዞርና ላብ ነው።

የቆሽት መቆጣት። ሕመሙ ከመካከል ተነሥቶ ቀጥታ ወደ ጀርባ ይዘልቃል። ወደፊት ጎንበስ ብሎ ሲቀመጡ ቀለል ይላል፣ በጀርባ ሲተኙ ይብሳል። ትውከቱ አያቋርጥም። ዋና ዋና መንስኤዎቹ የሐሞት ጠጠርና ብዙ አልኮል መጠጣት ናቸው። በደም ምርመራ ሊፔዝ የሚባለው ንጥረ ነገር ከጤናማው መጠን በሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሲገኝ፣ ሕመሙም እንደተባለው ከሆነ፣ በሽታው ይህ መሆኑ ይታወቃል።

ወስፋት በሐሞት መስመር። ወስፋት እስከ 35 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ትል ነው፤ የሚኖረውም በቀጭኑ አንጀት ነው። አንዳንድ ጊዜ መንገዱን ስቶ ወደ ጠባቡ የሐሞት መስመር ይገባል። ያን ጊዜ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር እየሄደ የሚመለስ ብርቱ ቁርጠት ይነሣል። በአልትራሳውንድ ትሉ ሲንቀሳቀስ ሊታይ ይችላል። ሕመምተኛው በቅርቡ ወስፋት አስመልሶት ወይም በሰገራ ወጥቶት ከሆነ ሳያፍር መናገር አለበት። ከብዙ ሰዎች ሕመሙ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል።

የጉበት መግልና የጉበት ከረጢት። አሜባ ከአንጀት ወደ ጉበት ተሻግሮ መግል ሊቋጥር ይችላል፤ ትኩሳትና የቀኝ ጎን ሕመም ቀናት ከቆዩ በኋላ መግሉ ሲፈነዳ ሕመሙ በድንገት ይጠናል። ሌላው ከውሻ ሰገራ በሚተላለፍ የትል ዕንቁላል የሚመጣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው። ለዓመታት ምንም ሳይሰማ ይቆይና ሲፈነዳ ከሕመሙ ጋር የሰውነት ማሳከክ፣ የትንፋሽ ማጠርና የደም ግፊት መውረድ ያስከትላል። ከውሻና ከከብት ጋር የኖረ ሰው ይህን ይንገር።

የልብ ድካም ያልሆነ የልብ አደጋ። የልብን የታችኛውን ክፍል የሚመግበው የደም ሥር ሲዘጋ ሕመሙ ደረት ላይ ሳይሆን ልብ ሥር ሊሰማ ይችላል። ላብ፣ ማቅለሽለሽና ድካም አብረውት ይመጣሉ። በተለይ በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች እንዲህ ሆኖ ይመጣል። ደረት ላይ የሚለጠፈው ሽቦ ለዚህ ነው። ኢሲጂ ይባላል፤ ሕመምተኛው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሣ ይመከራል።

የስኳር በሽታ። ኢንሱሊን ያቋረጠ፣ ወይም ስኳር እንዳለበት ገና ያላወቀ ሰው ደሙ አሲድ ሲበዛበት ብርቱ የሆድ ሕመምና ትውከት ይይዘዋል። ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፤ ከአፉ እጅግ እንደበሰለ ፍሬ ያለ ሽታ ይወጣል። ከጣት አንዲት ጠብታ ደም መውሰድ ፍንጭ ይሰጣል። ይህን ሕመምተኛ በቢላዋ መክፈት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ምርመራው ከዚያ ያድነዋል።

እርግዝና። ከ20 ሳምንት በኋላ ያለች ነፍሰ ጡር፣ እንዲሁም በቅርቡ የወለደች እናት፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ወይም ልቧ ሥር ካመማት፣ ራሷን ከፈለጣት ወይም ዓይኗን ካደናገራት፣ ይህ ከደም ግፊት የሚመጣ የጉበት ጉዳት ሊሆን ይችላል። የደም ግፊቷና ሽንቷ ወዲያውኑ መታየት አለበት። በእርግዝና መጀመሪያ ደግሞ ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ ሆኖ ቱቦው ሲፈነዳ፣ የሚፈስሰው ደም እንደ ጣፊያው ሁሉ ትከሻን ያማል። በወሊድ ዕድሜ ላለች ሴት ሁሉ የእርግዝና ምርመራ የሚደረገው ስለዚህ ነው እንጂ ማንንም ለመስደብ አይደለም።

የጨጓራ መጠማዘዝ። ይህ እጅግ ብርቅ ነው። ጨጓራው በራሱ ላይ ይዞራል። ጀርመናዊው ሐኪም ቦርካርት በ1904 እ.ኤ.አ. ሦስት ምልክቶቹን ጽፏል፤ ብርቱ የላይኛው ሆድ ሕመም፣ ምንም የማይወጣው የትውከት ምጥ፣ በአፍንጫ የሚገባው ቱቦ ወደ ጨጓራ አልገባ ማለቱ ናቸው። እንግዲህ «ያስመልሰኛል» ማለትና «ያስመልሰኛል ግን ምንም አይወጣም» ማለት ለሐኪም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አልማዝ ባለጭራ። በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት የዞረ፣ የሚያቃጥል ሕመም ነው። ሽፍታው የሚወጣው ቀናት ቆይቶ ስለሆነ አስቀድሞ ብዙዎችን ያሳስታል። ቆዳው በልብስ ሲነካ እንኳ የሚያም ከሆነ ይነገር።

ታዲያ ምን እንናገር?

ስም አንስጥ፤ የሆነውን እንናገር። ስም መስጠት የሐኪሙ ሥራ ነው። ሕመምተኛውም ሆነ አስተርጓሚው የሚከተሉትን ሰባት ጥያቄዎች ይያዙ።

1ኛ. መቼ ጀመረ? በቅጽበት ነው ወይስ ቀስ እያለ? ሲጀምር ምን እየሠራ ነበር?
2ኛ. የት ላይ? በአንድ ጣት ያሳይ።
3ኛ. ወዴት ሄደ? ወደ ጀርባ፣ ወደ ትከሻ፣ ወደ መንጋጋ ወይስ ወደ ክንድ?
4ኛ. ምን ያብሰዋል፣ ምንስ ያቀልለዋል?
5ኛ. አብሮት ምን መጣ? ትውከት፣ ትኩሳት፣ ላብ፣ ማዞር፣ ጥቁር ሰገራ፣ የዓይን ቢጫ መሆን?
6ኛ. ባለፉት ወራት ምን ታሞ ነበር? የት ነበር? ወድቆ ወይም ተመትቶ ያውቃል? ሴት ከሆነች የወር አበባዋ መቼ ታየ?
7ኛ. ምን መድኃኒት ወሰደ? የባህል መድኃኒትና መጠጥም ይጨመር።

ዐረብኛ ለማይችሉ ጥቂት ቃላት ይጠቅማሉ። ወጀዕ ሕመም፣ በጥን ሆድ፣ ደህር ጀርባ፣ ኪቲፍ ትከሻ፣ ፈጅአ በድንገት ማለት ነው። ቃሉ ቢጠፋ በጣት ማሳየት ይበቃል። አስተርጓሚ የሆናችሁ ደግሞ ከእኔ ስሕተት ተማሩ። የማይጠቅም የመሰላችሁን አትተዉ፤ የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን የሚለየው የሚመረምረው ሰው ነው። ሕመምተኛው በሰው ፊት ለመናገር የሚያፍረው ነገር ካለም ዘመዶችን ወጣ እንዲሉ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ምን እናድርግ፣ ምንስ እንተው?

በድንገት የተነሣ ብርቱ ሕመም ያለበትን ሰው ሆድ ማሸት ክልክል ነው። ያበጠች ጣፊያ ወይም የተቋጠረ መግል በወጌሻ እጅ ሊፈነዳ ይችላል። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል እስኪመረመር ድረስ ምግብ፣ ፌጦ፣ አረቄም ሆነ ኮሶ አይሰጠው። ከፋርማሲ የዲክሎፌናክ መርፌ አታስወጉት።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅ፤ ሕመሙ በቅጽበት የጀመረ ከሆነ፣ ራስ ካሳተ ወይም ካዞረ፣ ብርድ ላብ ካለ፣ ሆድ ከደረቀ፣ ደም ወይም ጥቁር ነገር ካስመለሰ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሕመምተኛዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም ትከሻን፣ ጀርባንና ክንድን አብሮ ካመመ።

ለእኛ ለስደተኞች ይህ ከሌላው ሰው ይልቅ ያስፈልገናል። ጦርነቱ ሲጀመር በካርቱም አብዛኞቹ ሆስፒታሎች አገልግሎት ማቆማቸውን ሁላችንም አይተናል። በካምፕ ደግሞ ክሊኒኩ ሕመምተኛውን ወደ ከተማ ሆስፒታል እስኪልክ መንገዱ ሰዓት ይወስዳል። ራጅና አልትራሳውንድ በሌሉበት ቦታ ለክሊኒኩ ሠራተኛ ያለው ዋና መሣሪያ እጁና የእኛ ቃል ነው። ቃሉ ከተጓደለ መሣሪያው ተጓደለ ማለት ነው።

ያ ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠው። ጣፊያ የሌለው ሰው ተላላፊ በሽታን የመቋቋም ኃይሉ ስለሚቀንስ ክትባት እንዲወስድ፣ ትኩሳት በተሰማው ቀን ሁሉ ሳይውል ሳያድር እንዲመረመር፣ ጣፊያው መውጣቱንም ለሚያክመው ሁሉ እንዲናገር አዘዘው። ይህን ቃል በቃል ተረጐምኩለት፤ ከዚያም መልሶ እንዲነግረኝ አደረግሁ። ሁለት ጊዜ ሳይሳሳት ነገረኝ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እኛ በሽታውን ባንደብቅም፣ ስሙን ብቻ ተናግረን የቀረውን ስንተው ደብቀነዋል ማለት ነው።